ሦስት ባጊ፣ አንድ መኪና፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ የምኖረው በሐምቡርግ ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ባለፈው ዓመት የካይት ባጊ መንዳት ተምረን እያንዳንዳችን ያገለገለ ባጊ ገዝተናል። በመጪው ሰኔ ወር በዴንማርክ በምትገኘው በሮሞ ደሴት ከሌሎች ነጂዎች ጋር ተገናኝተን ለመንዳት ቀጠሮ ይዘናል፤ ያለን ግን አንድ ስቴሽን መኪና ብቻ ነው። ሦስቱንም ባጊዎች በፖርቶ መጋላው ላይ አስረን መሄድ እንችላለን? ከካይቶችና ከሌሎች ዕቃዎችስ የትኛውን ማስቀደም አለብን?

መልስ፦ ጉዳዩ አዲስ ለሚሆንባቸው አንባቢዎች ለማስታወስ ያህል፣ የካይት ባጊ ሞተር የሌለው ባለሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ሲሆን፣ ነጂው ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ተቀምጦ የፊቱን ጎማ በእግሩ እየመራ በእጁ በያዘው ትልቅ ካይት፣ ማለትም በነፋስ በሚንሳፈፍ ባለገመድ ጨርቅ ይጎተታል። ዛሬ በምናውቀው መልኩ ባጊውን በ1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሠርቶ ያስፋፋው የኒውዚላንዱ ካይት ሠሪ ፒተር ሊን ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ሦስቱንም በጣሪያ ላይ መጫኑን አንመክርም። የአንድ ተራ ባጊ ክብደት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ሰፋፊ ጎማ የተገጠመለት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። የብዙ መኪናዎች ጣሪያ እንዲሸከም የተፈቀደለት ከ50 እስከ 75 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ የፖርቶ መጋላው የራሱ ክብደትም ከዚሁ ላይ ይታሰባል። የመኪናዎን መጠን በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ያገኙታል። የሚሻለው ባጊዎቹን መፍታት ነው፤ ብዙ ቦታ የሚይዙት ጎማዎቹና የኋላው አክስል እንጂ ብረቱ አይደለምና። የኋላ ጎማዎቹ ወጥተው፣ አክስሉ ተነቅሎ፣ የፊት ጎማው ከነሹካው ሲፈታ፣ የሚቀረው ቀጭን ብረት ከመቀመጫው ጋር የኋላው ወንበር ከፊል ከታጠፈ በመኪናው ውስጥ ይደረደራል። ቡሎኖቹንና ዳዶዎቹን የየባጊው በየከረጢቱ ለይታችሁ ያዙ፤ ተቀላቅለው የደረሱ ቡሎኖች ግማሽ ቀን ያስፈጃሉ። እግር የሚያርፍባቸውን ዘንጎች ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ፤ መኪናው በድንገት ሲቆም ተሳፋሪውን የሚያቆስሉት እነዚህ ናቸውና።

ጎማዎቹ ቦታ እንዲቆጥቡ ብሎ አየራቸውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ግን አይገባም። በተለይ የውስጥ ላስቲክ የሌለው ሰፊ ጎማ አየሩ ካለቀ ጠርዙ ከቸርኬው ሊላቀቅ ይችላል፤ ከተላቀቀ ደግሞ በባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ኮምፕረሰር መልሶ ማስቀመጥ እጅግ ከባድ ነው። ጥቂት አየር ይተዉለት፤ አሸዋው ላይ ከደረሱ በኋላ ለስላሳ ከሆነ ዝቅ፣ እንደ አስፋልት የጠጠረ ከሆነ ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ የእጅ መንፊያና የግፊት መለኪያ ከዕቃዎቹ መካከል መኖር አለባቸው።

በጣሪያ ላይ የግድ የሚወጣ ነገር ካለ ቀላሉን ብቻ ይምረጡ፤ በገመድ ሳይሆን ጥርስ ባለው የጭነት ቀበቶ ይሰሩት። በጀርመን መንገድ ላይ ጭነቱ ከመኪናው የኋላ አንጸባራቂ ከ1 ሜትር በላይ ካለፈ ቢያንስ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደማቅ ቀይ ጨርቅ ሊሰቀልበት ግድ ነው። ተሳቢ መከራየት ሌላው አማራጭ ነው፤ ልዩ ፈቃድ ከሌለው በስተቀር ፍጥነታችሁ በ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚወሰን አትርሱ። በድንበሩ ላይ ቁጥጥር ሊኖር ስለሚችል ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ከእጃችሁ አይለዩ።

አሁን ወደ ካይቶቹ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ካይቱ የሚጎትትበት ኃይል እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 5 ሜትር በሚነፍስ አየር ደስ የሚያሰኝ ካይት በ10 ሜትር ነፋስ ነጂውን ከመቀመጫው ሊነቅል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ቦታ ከጠበባችሁ ትልቁን ካይት ቤት ተዉት እንጂ ትንሹን አትተዉ። በእኛ ግምት 3፣ 5 እና 8 ካሬ ሜትር ስፋት ያላቸው ካይቶች ለሦስታችሁ ይበቃሉ፤ ተራ በተራ ትጠቀሙባቸዋላችሁ። ብዙ ጀማሪዎች ግን ትልቁን ካይት የጀግንነት ምልክት አድርገው ያዩታል፤ ነገሩ እንዲያ አይደለም።

ሄልሜት፣ ጓንት፣ መነጽርና የጉልበት መከላከያ ለእያንዳንዱ ሰው ይያዝ፤ ካይቱን በአንድ ጊዜ ለቅቆ ኃይሉን የሚያጠፋው ማላቀቂያም ከመነሣታችሁ በፊት በቤታችሁ ይፈተሽ። ካይቱን በመሬት ላይ የሚያስር ካስማ፣ መለዋወጫ ገመድና ገመድ መቁረጫ ቢላዋም አይቅሩ።

ሮሞ በ1948 እ.ኤ.አ. በተከፈተው መንገድ ከዋናው ምድር ጋር የተያያዘች ደሴት በመሆኗ ጀልባ አያስፈልጋችሁም። መኪና እስከ ባሕሩ ዳርቻ ድረስ መግባት የሚፈቀድባት ስለሆነችም ከመኪናው አጠገብ ባጊዎቹን መገጣጠም ትችላላችሁ። ለባጊ የተለየው ክፍል በደቡቡ ሶንደርስትራንድ በሚባለው ዳርቻ ነው፤ ስለ ፈቃድና ኢንሹራንስ የወቅቱን ደንብ ከአካባቢው አስተዳደር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ጠንካራ የምዕራብ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ ውሃው ከተነገረው ከፍታ በላይ ይመጣል። ለመንዳት ደስ የሚለው ነፋስ መኪናችሁን በውሃ የሚያስከብበው እሱው ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ውሃው ተጠግታችሁ አታቁሙ። ሁለት ነጂዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ እያንዳንዱ ወደ ቀኙ ይላል፤ ጎን ለጎን ሲተላለፉ ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ካይቱን ወደ ላይ፣ ሌላኛው ወደ ታች ይይዛል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳርቻ ከተመለስን በኋላ ባጊው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዝጋል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጨው ካልታጠበ ብረቱን ይበላዋል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ነገር ግን ከፍተኛ ግፊት ያለው የውሃ ቱቦ በኩሽኔታዎቹ ላይ አይነጣጠር፤ ውሃውንና አሸዋውን ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። ከደረቀ በኋላ የቡሎኖቹን ጥርስ ጥቂት ግራሶ ቀቡ። ጎማውን በእጃችሁ ስታሽከረክሩት የሚንኳኳ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ካሰማ፣ ኩሽኔታውን ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ለውጡት፤ ሁለት መለዋወጫ ይዞ መሄድም ዋጋው ትንሽ ነው።