ለእህቴ የታዘዘው መድኃኒት ለእኔም ይሆናል?

የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ የ49 ዓመት ሴት ስሆን ሐዋሳ ውስጥ በመምህርነት እሠራለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ድንገት ከደረቴ ተነሥቶ ወደ ፊቴ የሚወጣ ሙቀት ያጥለቀልቀኛል፤ ሌሊት ደግሞ አንሶላው እስኪርስ ያልበኝና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ ዓይኔን ሳልከድን ይነጋል። ወባ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ተመርምሬ ሁለቱንም ጊዜ ነፃ ነሽ ተብያለሁ። አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ይህ የማረጥ ምልክት መሆኑን ነግራኝ፣ እርሷ በቪዲዮ ከምትከታተላት ሐኪም ጋር አንድ ቀን አገናኘችኝ። ሐኪሟ በትሕትና ካዳመጠችኝ በኋላ ሐዋሳ ላለች ሴት ማዘዝ እንደማትችል ገለጸችልኝ። እህቴ ግን ለራሷ ከታዘዘላት ሆድ ላይ ከሚለጠፈው የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ፕላስተር የስድስት ወር ያህል በሰው ላከችልኝ። እርሷ ከዓመታት በፊት በማዮማ (የማህፀን እጢ) ምክንያት ማህፀኗ ወጥቷል፤ እኔ ቀዶ ሕክምና አድርጌ አላውቅም። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ እወጋ ነበር፤ ካቆምሁ በኋላም የወር አበባዬ አልተመለሰም። ፕላስተሩን ልጠቀምበት? እዚህ አገር በስልክና በቪዲዮ የሚያማክሩ ሐኪሞች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ለዚህ ጉዳይ እነርሱ ይበቃሉ ወይስ የግድ ሆስፒታል መሄድ አለብኝ?
— ስሜ ይቆይ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ፕላስተሩን አይለጥፉት። ይህን የምልዎ ሆርሞን መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን፣ በደብዳቤዎ መካከል እንደ ዋዛ ጠቅሰው ባለፉት አንድ ነገር ምክንያት ነው፤ የእህትዎ ማህፀን ወጥቷል፣ የእርስዎ ግን በቦታው አለ። ኢስትሮጅን ብቻውን ሲወሰድ የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ ያወፍራል፤ ይህ ለወራትና ለዓመታት ሲቀጥል ግድግዳው ያለ ልክ ያድግና ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ማህፀን ላላት ሴት ኢስትሮጅን ሲታዘዝ፣ ግድግዳውን የሚጠብቅ ፕሮጄስትሮን ወይም የእርሱ ዓይነት መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ለእህትዎ ይህ ሁለተኛ መድኃኒት ያልተሰጣት ሐኪሟ ረስታው ሳይሆን የሚጠበቅ ማህፀን ስለሌላት ነው። ይህንን እህትዎ ላያውቁት ይችላሉ፤ ማንም አልነገራቸው ይሆናል፣ ለእርሳቸው አያስፈልግምና።

ሐኪሟ አላዝም ማለቷም የደግነት ማነስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሐኪም በቪዲዮ ለማከም ታካሚው በዚያ ሰዓት በሚገኝበት ክፍለ ግዛት የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ለሌላ ክፍለ ግዛት እንኳ የማይሠራ ፈቃድ ለሐዋሳ ሊሠራ አይችልም። አንዳንዶች በዘመድ ስምና በዘመድ የሕክምና መዝገብ ገብተው ራሳቸውን ያሳክማሉ ሲባል እሰማለሁ። እንደዚያ ሲደረግ ሐኪሙ የሚያነበው የሌላ ሰው የደም ግፊት፣ የሌላ ሰው የጡት ምርመራና የሌላ ሰው የቀዶ ሕክምና ታሪክ ስለሆነ፣ ጥሩ ሐኪም ቢሆን እንኳ የሚሰጠው መልስ ስሕተት ይሆናል።

አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ። አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው የወር አበባዋ ያለ ሌላ ምክንያት 12 ወር ሙሉ ሲቀር ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይሆናል። ሙቀቱ፣ ላቡና የእንቅልፍ መዛባቱ ግን የወር አበባው ከመቅረቱ ከዓመታት በፊት ሊጀምሩ ይችላሉ። በእርስዎ ላይ ቆጠራውን የሚያበላሸው መርፌው ነው። የሦስት ወሩ መርፌ ራሱ የወር አበባን ያስቀራል፤ ካቆሙት በኋላም እንቁላል የመልቀቁ ሥርዓት ለመመለስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ «አልመጣም፣ እንግዲያው አርጫለሁ» ብለው አይደምድሙ፤ እርግዝና የማይፈልጉ ከሆነም መከላከያውን ገና አይተዉ። ከ50 ዓመት በታች ያለች ሴት መከላከያ እንድታቆም የሚመከረው የወር አበባዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቀር ነው፤ ከ50 በላይ ላለች አንድ ዓመት ይበቃል። በ49 ዓመቷ ማረጧ ነው ብላ ስትዝናና የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሆና የመጣች ሴት ያየ ሐኪም ይህን ምክር ሳይናገር አያልፍም።

ብዙ ሴቶች ወደ ላቦራቶሪ ሄደው «ሆርሞኔን ለኩልኝ» ይላሉ። ዕድሜዋ ከ45 በላይ ለሆነና ምልክቶቹ ግልጽ ለሆኑላት ሴት ይህ ምርመራ ብዙ አይጠቅምም፤ በዚህ ዘመን ሆርሞኑ ከሳምንት ሳምንት ስለሚዋዥቅ የዛሬው ውጤት የሚቀጥለውን ወር አይናገርም። ማረጥ በዋነኛነት የሚታወቀው በወሬ ነው፤ ዕድሜን፣ የወር አበባን ታሪክና ምልክቶቹን በትዕግሥት በመጠየቅ። በስልክና በቪዲዮ የሚሰጥ ሕክምና ለዚህ ጉዳይ ከብዙ ሌላ በሽታ ይልቅ የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። በሆስፒታል ወረፋ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያላት ሐኪም የማትጠይቀውን፣ የብልት ድርቀትን፣ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመምን፣ ሽንት ማምለጥን፣ እንቅልፍን፣ ያለ ምክንያት የሚመጣ ንዴትን፣ ቤቷ ተቀምጣ የምታወራ ሴት ሳታፍር ልትናገር ትችላለች። ስለዚህ እዚህ አገር ፈቃድ ያላት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም በቪዲዮ የምታማክርበት አገልግሎት ካገኙ ይጠቀሙበት። ስሟንና የሙያ ደረጃዋን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስልክ የማይችለውን ደግሞ ልንገርዎ። ሐዋሳ ውስጥ ያላበው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ወባን መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ እርስዎም መመርመርዎ መልካም ነው። ይሁንና በሌሊት ላብ ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ብዙዎች ይረሱታል፤ ውጭ አገር ያለ ሐኪም ደግሞ ከነጭራሹ ላያስበው ይችላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም ማታ ማታ የሚመጣ ትኩሳት ካለብዎ የማረጡን ነገር አቆይተው በቅርብዎ ጤና ጣቢያ የአክታ ምርመራ ያድርጉ። ሦስተኛው እንቅርት ነው። የእንቅርት እጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ሙቀት፣ ላብ፣ የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ አንገትን በእጅ ዳስሶ የደም ምርመራ ማዘዝ የሚችል ሰው እንጂ ካሜራ አይለየውም። የማረጥ ሙቀት እንደ ጻፉት ከደረት ተነሥቶ ወደ ፊት የሚወጣ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያልፍና ከኋላው ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ነው። ቴርሞሜትር ቢያስገቡ ትኩሳት አያሳይም። ይህን አንድ ሌሊት ራስዎ ለክተው ማረጋገጥ ይችላሉ።

ከቪዲዮው ቀጠሮ በፊት የሚሠሩት አንድ የቤት ሥራ አለ፤ መምህርት ስለሆኑ አይከብድዎትም። አንድ ደብተር ይዘው ለሁለት ሳምንት ሙቀቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳነቃዎ፣ ደም ካዩም ቀኑን ይጻፉ። የደም ግፊትዎን ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ ቤት ውስጥ መለኪያ ከሌለ ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ይለካል። አምስት ደቂቃ ዐርፈው ከተቀመጡ በኋላ፣ ቡና ከጠጡም ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይሁን። ሐዋሳ ላይ ቡና ያልጠጣ ሰው የሚገኝበትን ሰዓት መፈለግ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከአቦል በፊት ይሞክሩ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ እሽጉን ከፊትዎ ደርድረው ለካሜራው ያሳዩ፤ ስም በቃል ከመጥራት ይሻላል። በእናትዎ ወይም በእህቶችዎ ላይ የጡት ካንሰር ታይቶ እንደሆነ፣ እርስዎም እግርዎ ወይም ሳንባዎ ውስጥ ደም ረግቶ ያውቅ እንደሆነ አስቀድመው ያስታውሱ።

የሆርሞን ሕክምና ስሙ የጠፋው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ16,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (የፕሮጄስትሮን ዓይነት መድኃኒት) አንድ ላይ የተሰጠበት ትልቅ ጥናት ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ፤ የጡት ካንሰር በዓመት ከ10,000 ሴቶች 30 ከነበረው ወደ 38 ከፍ ብሎ ተገኝቷልና። ወሬው «ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» በሚል አጭር ቃል ዓለምን ዞረ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት እንደነበረ፣ ማለትም አብዛኞቹ ካረጡ ብዙ ዓመት ያለፋቸው መሆናቸውን ግን የሰማ ጥቂት ነው። ዛሬ ያለው የሐኪሞች ስምምነት፣ ዕድሜዋ ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሙቀቱ ኑሮዋን ላወከባትና የሚከለክል በሽታ ለሌለባት ሴት ጥቅሙ ብዙውን ጊዜ ከጉዳቱ ያመዝናል የሚል ነው። በቆዳ የሚለጠፈው ደግሞ እንደሚዋጠው ክኒን ደም የማርጋት አደጋን አይጨምርም። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያጋጠማት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ግን አትወስደውም። ለእነዚህ ሴቶች ከሆርሞን ውጪ የሆኑ አማራጮች አሉ፤ ለድብርት የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶችና ጋባፔንቲን የሚባለው የነርቭ መድኃኒት ሙቀቱን ይቀንሳሉ።

ሐኪምዎ ሆርሞን ካዘዘችልዎ ከመጀመርዎ በፊት ሁለቱም መድኃኒቶች እዚሁ ከተማ ሳይቋረጡ የሚገኙ መሆናቸውን ከመድኃኒት ቤቱ ያጣሩ። በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት ተጓዥ የጠፋ ዕለት ያልቃል። ፕሮጄስትሮኑ ሲጠፋ ኢስትሮጅኑን ብቻ መቀጠልም ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልስዎታል። «ያው ሆርሞን ነው» ተብሎ የወሊድ መከላከያ ክኒን ቢሰጥዎ ደግሞ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይቀበሉ፤ በውስጡ ያለው ኢስትሮጅን ለማረጥ ከሚታዘዘው እጅግ የበረታ ነው፣ ግፊት ላለባትም ሴት አደገኛ ነው። ምጣድ ፊት መቆምና የሚፋጅ ወጥ ሙቀቱን እንደሚቀሰቅሱ ካስተዋሉ እንጀራውን በማለዳ ይጋግሩ፣ ወይም ለወጣቶቹ ይተዉላቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ 57 ዓመቷ ነው፤ ካረጠች አራት ዓመት ሞልቷታል። ባለፈው ሳምንት ለሁለት ቀን ጥቂት ደም አየች። በስልክ ያማከርነው ባለሙያ ሆርሞን ሲዛባ የሚመጣ ነው ብሎ የክኒን ስም በጽሑፍ ላከልን። የማህፀን በር ምርመራ አምና አድርጋ ነፃ ናት። እናስጀምራት?
— ልጇ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ አታስጀምሯት፤ በዚህ ሳምንት ይዘዋት ሆስፒታል ይሂዱ። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ በስልክ የሚታከም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ይገኛል፤ የብልት ግድግዳ መሳሳት ወይም ትንሽ ሥጋ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክቱ ይኸው ስለሆነና በጊዜው ከተገኘ በደንብ ስለሚድን፣ መገመት አይቻልም። አምና የተደረገው ምርመራ የማህፀንን በር እንጂ ውስጡን አላየም። አሁን የሚያስፈልጋት የአልትራሳውንድ ምርመራ ነው፤ በብልት በኩል ሲታይ የማህፀኗ የውስጥ ግድግዳ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ወይም ደሙ ከተደጋገመ ናሙና ይወሰዳል። ይህ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ የማህፀን ሐኪም ባለበት ሌላ ሆስፒታል ይሠራል። ክኒኑ ደሙን ቢያቆመው ምልክቱን ደበቀው ማለት እንጂ አዳናት ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 51 ዓመቷ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከአንዲት ሐኪም ጋር በቪዲዮ ታወራለች፤ ስታወራ በሩን ትዘጋለች፣ ምን እንዳለቻትም አትነግረኝም። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን እንዲህ ያለ ምሥጢር አልነበረንም። ደግሞም ሌሊት መስኮት ካልተከፈተ ትላለች፤ እኔ ትንኙን ፈርቼ እዘጋዋለሁ።
— አባ ወራ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ በሩን ይተዉላት። ሐኪሟ ከምትጠይቃት ጥያቄዎች ግማሾቹ በር ሳይዘጋ የማይመለሱ ናቸው፤ ከጀርባዋ ሰው እንዳለ ያወቀች ሴት ደግሞ «ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋለች። በዚያ ግማሽ ሰዓት ልጆቹን ይዘው ወደ ሐይቁ ዳር ወጣ ቢሉላት ትልቅ ውለታ ነው። በግንኙነት ጊዜ የሚያማት ከሆነ ለዚያም በብልት የሚገባ አነስተኛ መጠን ያለው የኢስትሮጅን ቅባት ሊታዘዝላት ይችላልና፣ ተለወጠችብኝ ብለው ከመቀየምዎ በፊት ያማት እንደሆነ በጨዋ ቃል ይጠይቋት። ስለ መስኮቱ፣ ወባ ያለበት ከተማ ስለሆነ ትንኙን መፍራትዎ ትክክል ነው፤ አጎበር ይስቀሉና መስኮቱን ይክፈቱላት። እርስዎ ለብቻዎ አንድ ብርድ ልብስ ይጨምሩ።