ውሃው ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ የዓሣው ጂን ምን ይሆናል?

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቆሮሶዎችህ (ቲላፒያዎችህ) መኖ የሚተዉት ለምንድን ነው? «ውሃ ሲሞቅ ሴቷ ዓሣ ወንድ ትሆናለች» የሚባለውስ እውነት ነው? ዓሣ ማስፈልፈል ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻለው።

በሙቀትና በብርድ ጂኑ ራሱ አይቀየርም። የሚቀየረው የትኛው ጂን ይሥራ፣ የትኛው ይረፍ የሚለው ነው። ዓሣ እንደኛ የራሱን ሙቀት አይጠብቅም፤ ውሃው 18 ዲግሪ ከሆነ እሱም 18 ነው። ስለዚህ ከሴሉ ጀምሮ ራሱን ማስተካከል አለበት።

የሴል ሽፋን መሠረቱ ስብ ነው። ቅቤ በብርድ እንደሚረጋ እሱም ይደድራል። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ለዚህ መላ አለው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ስቡን የሚያለሰልስ ኢንዛይም የሚያመርተው ጂን ይነቃል። ይሄ ግን ቀናት ይፈልጋል። ብርዱ በአንድ ሌሊት ከመጣ አይደርስበትም። ቆሮሶ ደግሞ የሞቃት ውሃ ዓሣ ስለሆነ አቅሙ ውስን ነው። ከ20 ዲግሪ በታች መብላት ይቀንሳል፣ 16 አካባቢ ጭራሽ ይተዋል፣ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። በማለዳ መኖ ስትበትንለት አፉ ውስጥ ከትቶ መልሶ ሲተፋው አይተህ ይሆናል። ያኔ መኖ መጨመር ውሃ ማበላሸት ነው። ፀሐይዋ ጠንከር እስክትል ጠብቅ።

በድንገት ሲሞቅ ደግሞ ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸው ይዛባል። ያኔ የተጎዱትን የሚያቃኑ ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚያመርቱ ጂኖች በፍጥነት ይነሳሉ። (አንታርክቲካ ውሃው ሞቆ ስለማያውቅ ይህን ምላሽ ጨርሰው ያጡ ዓሦች አሉ!) ምላሹ ጉልበት ይበላል። ጫጩት ገዝተህ ስታመጣ ፌስታሉን እንደታሰረ ኩሬው ላይ የምታንሳፍፈው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፆታው። እውነት ነው፣ ግን ያደገች ሴት ቆሮሶ ውሃ ስለሞቀ ወንድ አትሆንም። ቆሮሶ እንቁላሏን የምታስፈለፍለው አፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ አስኳላቸውን ጨርሰው መብላት ሲጀምሩ፣ እንቁላሉ ከዳበረ 10 ቀን ገደማ ሲሆነው ማለት ነው፣ ፆታቸው ገና አልጸናም። ከዚያ ጀምሮ ቢያንስ ለ10 ቀን 36 ዲግሪ አካባቢ ከቆዩ አሮማቴዝ የሚባለውን ኢንዛይም የሚያመርተው ጂን ይዳከማል። አሮማቴዝ የወንዴውን ሆርሞን ወደ ኤስትሮጅን፣ ማለትም ወደ ሴቴ ሆርሞን የሚቀይር ነው። ኤስትሮጅን ሲጠፋ በክሮሞዞሟ ሴት የሆነችው ጫጩት የወንድ ዘር ፍሬ ታበቅላለች። ክሮሞዞሟ ግን ያው የሴት እንደሆነ ይቀራል።

«እንግዲያው ጫጩቶቹን ወንድ ለማድረግ የሚሰጠውን ሆርሞን ትቼ ውሃ ላሙቅ?» እንዳትል። ከአንዷ እናት የመጡት አብዛኞቹ ወንድ ሲሆኑ፣ የሌላዋ ልጆች ንቅንቅ አይሉም፤ በዘር ይለያያል። በዚያ ላይ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ መብራት ሄዶ አየር መንፊያው ከቆመ ጫጩቶቹ ላይ ላዩን አየር ሲቃርሙ ታገኛቸዋለህ፣ ቀጥሎ ያልቃሉ። አዋሽ ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ የሚኖር የቆሮሶ ዝርያ አለ፤ ያንን አይተህ «የኔም ይችላል» አትበል። እሱ ብዙ ትውልድ እዚያው ኖሮ የለመደ ነው።

ላንተ የሚያዋጣህ ጥልቀት ነው። ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ኩሬ ሌሊት ቶሎ አይቀዘቅዝም። ለማንኛውም ውሃውን ንጋት 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለካውና ከጥልቀቱ ጋር እዚህ ጻፍልኝ፣ መኖውን አብረን እናሰላዋለን።