የዋጋ ወረቀቱን አስቀምጡና ምሰሶውን አንብቡ

ይድረስ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ቤታችሁን ለምትፈልጉ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ጋራዥ የለውም፣ ግን መንገዱ ሰፊ ነው፤ ማቆሚያ አያስቸግርም አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት አንዲት የሌሊት ነርስና ባለቤቷ አቅርበውልኝ ነበር። እኔ፣ ቤቱን የማሻሽጠው ኤጀንት፣ «አያስቸግርም» አልኩ።

ኮንዶውን ያዩት እሑድ ከሰዓት ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ ሞልቷል። ከመንገዱ ጫፍ ቅጠል የጋረደው ምሰሶ ቆሟል፤ ሁለት ሰሌዳ ተደራርቦበታል። የላይኛው ሐሙስ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 (በሰሌዳው አጻጻፍ ከ8 እስከ 10) የጎዳና ጽዳት ስለሆነ መኪና ማቆም ክልክል ነው ይላል። የታችኛው ደግሞ፣ በሥራ ቀን ፐርሚት (የነዋሪ ማቆሚያ ፈቃድ) የሌለው መኪና ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆምም ይላል። ማዶው ዓርብ ይጠረጋል።

ፐርሚቱን ሊያወጡ ሲሄዱ አድራሻቸው ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሕንፃው ሲፈቀድ ነዋሪዎቹ የመንገድ ፐርሚት እንዳይሰጣቸው ከተማው ገደብ አስገብቶ ኖሯል፤ በአንዳንድ ከተሞች በአዳዲስ ሕንፃዎች ላይ የተለመደ ነገር ነው። ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች ሴት በየሁለት ሰዓቱ ደወል እየቀሰቀሳት፣ በነጠላ ጫማ ወርዳ መኪና ታዛውራለች። ሐሙስ ይብሳል፦ የሚጠረገው ወገን መኪኖች ረቡዕ ማታ ወደ ማዶ ስለሚሻገሩ ጠዋት ክፍተት አይገኝም። መኪናው ውስጥ ወንበሩን አጋድማ የጎዳና መጥረጊያው መኪና እስኪያልፍ ትጠብቃለች። አንዴ እንቅልፍ ጣላት፤ የነቃችው ቲኬቱ (የቅጣት ወረቀቱ) ከመስታወቱ መጥረጊያ ሥር ሲገባ ነው። ከሁሉ የሚቆጨኝ፣ ያንን አድራሻ ከከተማው የፐርሚት ዝርዝር ለማጣራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የዛሬ ልጆች ወለዱን እስከ አንድ አሥረኛ ፐርሰንት ታሰላላችሁ፤ መንገዱን ግን በስልክ ካርታ አይታችሁ ትወስናላችሁ። ያ ፎቶ የተነሳው ከዓመታት በፊት ሊሆን ይችላል፤ ሰሌዳው ተቀይሮ ይሆናል። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ቤቱ ሲገባ፣ ሄዳችሁ ክፍት ቦታ ቁጠሩ። የመንገዱን ሁለቱንም ጫፍ ምሰሶ ፎቶ አንሱ፤ ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት እዩ። «1ኛና 3ኛ ሐሙስ» የሚል ካለ ተጠንቀቁ፤ ወሩ ዓርብ ከገባ የመጀመሪያው ሐሙስ 7ኛው ቀን ነው። በዚህ ቆጠራ ተሳስቶ ቲኬት የሚቆረጥበት ሰው አለ።

ደንቡም ከከተማ ከተማ ይለያል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መጥረጊያው ካለፈ በኋላ ማቆም ይፈቀዳል፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ግን መጥረጊያው ቢያልፍም የተጻፈው ሰዓት እስኪያልቅ ክልክል ነው። ቺካጎ ውስጥ በዋና ዋና መንገዶች ከዲሴምበር 1 እስከ ኤፕሪል 1፣ በፈረንጆቹ ሰዓት ከሌሊቱ 9 እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት፣ በረዶ ኖረም አልኖረም መኪና ማቆም አይቻልም።

ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ፤ «በፈረንጆቹ» ያልኩት 3 እና 7 ነው፣ 9 እና 1 የኛ ናቸው። እንዲህ ነው ሰዓት ሲምታታ ሰው የሚቀጣው።

ከጽዳት ቀን ግን አትሽሹ። የሚጠረግ መንገድ ቅጠል ተጠራቅሞ የውኃ መውረጃውን አይደፍንም፤ ምድር ቤት ያለው ቤት ከገዛችሁ ይጠቅማችኋል። ለወራት ያልተንቀሳቀሰ መኪናም በዚያ ቀን ሊነሣ ይችላል። እኔ ራሴ ጽዳት የሌለው መንገድ ላይ ቤት አልገዛም። ማንም ሌሊት የማይሠራበት ቤት ከሆነ ማለቴ ነው።

ጋራዥ ያለው ቤትም ቢሆን በሜትር ለኩ። ከጋራዡ በር እስከ እግረኛው መንገድ ያለው ርቀት ከመኪናችሁ ካጠረ፣ በሩ ፊት ስታቆሙት ጭራው የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ ያስቀጣል። መካከለኛ ሴዳን ወደ 4.9 ሜትር ይረዝማል። ለሥራ ቫን የምትነዱ ደግሞ ከቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ደንብ «የንግድ ተሽከርካሪ» የሚለውን ክፍል ቀድማችሁ አንብቡ፤ ከክሎዚንግ (ከግዢው መዝጊያ) በኋላ ሳይሆን ውል ከመፈረማችሁ በፊት።

ያ የጠየቀኝ ልጅ፣ ምሰሶው ቅጠል ከጋረደው በእጅህ ግለጠው።