ፖርት 3389ን እንዳትከፍተው

ወንድሜ «ቢሮ ሆኜ ቤት ያለውን ዊንዶውስ ኮምፒውተሬን መክፈት ፈልጌ ጓደኛዬ ራውተሩ ላይ ፖርት 3389 ክፈት አለኝ፣ ችግር አለው?» ነው ያልከው አይደል። አለው እንጂ፣ በጣም አለው። 3389 የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተርን ከሩቅ መክፈቻው) የሚገባበት በር ነው፣ ራውተሩ ላይ ስትከፍተው ለኢንተርኔቱ ሁሉ ነው የምትከፍተው። እኔም እንደዛው አርጌ ነበር፣ በመጀመሪያው ቀን ሰራልኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ፣ ከሳምንት በኋላ ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍብኝ ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ከፍቼ ሴኩሪቲ ሎጉን ባየው 4625 4625 4625 ብቻ፣ ያልተሳካ ሎግኢን ማለት ነው፣ ለካ ሌሊቱን ሙሉ «አድሚኒስትሬተር» እያለ ፓስወርድ ሲሞክር የሚያድር ቦት (በራሱ የሚሰራ ፕሮግራም) ነበር። ፖርቱን ልቀይረው እንዳትለኝ፣ ቀይሬው ትንሽ ቆይተው አገኙት።

ደግሞ ብትከፍተውም ላይሰራ ይችላል። ራውተርህ ውስጥ ገብተህ የዋን አይፒውን (ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበትን አድራሻ) እየው፣ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አንዱን አይፒ ከሌሎች ደንበኞች ጋር እየተጋራህ ነው፣ ፖርት ፎርዋርዱ (ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈቱ) ከንቱ ድካም ነው።

አሁን የምጠቀመው ቴይልስኬል ነው፣ የራስህን ኮምፒውተሮች ብቻ በኢንተርኔት ላይ የሚያገናኝ ቪፒኤን (የግል ኔትወርክ) ነው። ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ ትጭነዋለህ፣ በአንድ አካውንት ትገባለህ፣ ለየማሽኑ የማይቀየር አይፒ ይሰጥሃል፣ ሪሞት ዴስክቶፑ ላይ እሱን መጻፍ ነው፣ ውስጡ ዋየርጋርድ የሚባል የቪፒኤን ፕሮቶኮል ስለሆነ ኢንክሪፕትድ ነው፣ ራውተሩን ንክች አታረገውም። የምትገባበት ኢሜይል ግን የቤትህ ቁልፍ ሆነ ማለት ነው፣ ቱ ፋክተር (ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ) ሳታበራ እንዳትጀምር።

እኔን ያሰቃየኝ ሴኩሪቲው ሳይሆን መብራቱ ነው። በጠፋ ቁጥር እናቴ ጋ ደውዬ «እማዬ በማርያም ያቺን ቁልፍ ተጫኚልኝ»፣ እሷ ደግሞ ሞኒተሩን አጥፍታ «ተጫንኩት» ትለኛለች። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ሴቲንግ) ውስጥ ሪስቶር ኤሲ ፓወር ሎስ የሚል ነገር አለ (ስሙ እንደ ማዘርቦርዱ ይለያያል)፣ ፓወር ኦን አርገው፣ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ስሊፕም አጥፋ። ከዛም በኋላ አልገናኝ አለኝ፣ ቤት ሄጄ ሳየው ሎግኢን ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ለካ ዊንዶውስ ላይ ሰው ካልገባ ቴይልስኬሉም አይነሳም፣ የቴይልስኬሉ ፕሪፈረንስ ውስጥ ራን አናቴንድድ የሚለውን ስታበራ ነው የሚስተካከለው። አንድ የቀረ፣ የማሽኑ ኪ (ቴይልስኬል ማሽኑን የሚያውቅበት ቁልፍ) ካልነካኸው በ180 ቀን ይቃጠላል፣ መስክ ወጥተህ እንዳይዘጋብህ የቤቱን ማሽን ኪ ኤክስፓየሪ ዲሴብል አርገው።

ይሄ ሁሉ ግን ዊንዶውስህ ፕሮ ከሆነ ነው፣ ሆም ሪሞት ዴስክቶፕ አይቀበልም፣ ለሱ ረስትዴስክ የሚባለው ሌላ የሪሞት ፕሮግራም ነው የሚሻልህ። የትኛው ነው ያለህ?