ይቅር ብዬዋለሁ፣ ቃሉ ግን ከልቤ አልወጣም፤ መቁረብ እችላለሁን?

ጥያቄ፦ በተክሊል ተጋብተን ልጆች ወልደናል። ባለቤቴ ሲናደድ የወላጆቼን ድህነት እያነሣ በልጆቻችን ፊት ይሰድበኛል። በማግስቱ «ተናድጄ ነው፣ እርሺው» ይለኛል። ይቅር ብዬዋለሁ፤ ሆኖም ስድቡ ሥራ ላይ ሳለሁ እንኳ ይመጣብኛል። ቂም ይዣለሁ ማለት ነውን? ከሥጋ ወደሙ ልከልከል?

መልስ፦ እኅታችን፣ በመጀመሪያ ቂምና ሐዘንን እንለይ። ቂመኛ በበደለው ሰው ላይ ክፉ እንዲደርስበት ይመኛል፤ ሰላምታ ይነፍጋል፤ የተባለውን ለሚቀጥለው ጠብ ያስቀምጣል። በእነዚህ ራስሽን መርምሪ። አንዱ ቢገኝብሽ ጌታችን እንዳዘዘ (ማቴ. 5፥23-24) አስቀድመሽ ታረቂ። ካልተገኘብሽ የቀረብሽ ሐዘን ነው፤ ሐዘን ደግሞ ከቤተ መቅደስ አያስወጣም። ሐና ጣውንቷ ፍናና በየዓመቱ እያበሳጨቻት ወደ ሴሎ መውጣት አልተወችም፤ እያለቀሰች ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች (1ሳሙ. 1)። አንቺም በራስሽ ፈርደሽ አትቅሪ፤ ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ በእርሳቸው ፈቃድ ቁረቢ።

ቃሉ ያልወጣልሽ ይቅርታሽ ሐሰት ስለሆነ አይደለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል፤ «እርሺው» ማለትም ይቅርታ መጠየቅ አይደለም። በደሉ በግልጽ ተነሥቶ አልተነገረም፤ ስለዚህ አልተዘጋም።

ማቴ. 18፥15 ብቻ ለብቻ ሆናችሁ እንድትነጋገሩ ያዛል። ልጆች የተኙበትን፣ ሁለታችሁም ያልደከማችሁበትንና ያልተራባችሁበትን ሰዓት ምረጪ። የዓመታቱን ሁሉ አታምጪ፤ አንዱን ቀን፣ አንዱን ቃል አንሺ፦ «ባለፈው ማታ አባቴን በልጆቻችን ፊት ለማኝ ብለኸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ አያታቸውን ሲያዩ ያፍራሉ ብዬ እሰጋለሁ።» «ሁልጊዜ አንተ» ወይም «ዘመዶችህም እንዲሁ ናቸው» ካልሽ እርሱ ስለራሱ መከራከር ይጀምራል፤ ያንቺም ነገር ይቀራል። ድምፅ ከፍ ካለ አቁሙና ሌላ ቀን ቁረጡ። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» (ኤፌ. 4፥26) የሚለውን ይዘው እኩለ ሌሊት ድረስ የሚጨቃጨቁ ብዙዎች ናቸው። ቃሉ የሚያዘው ቁጣው እንዳያድር ነው፤ ጉዳዩ በዚያው ሌሊት ማለቅ አለበት አላለም። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንነጋገር» ተባብሎ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ መተኛት ይቻላል።

ለባለቤትሽም ይህን አሳዪው። ወንድሜ፣ የተናገርከውን ቃል ራስህ ጥራው፤ «አንቺም እኮ» አትጨምርበት። ስድቡን ልጆች ሰምተውት ከሆነ ይቅርታውንም ይስሙት፤ እነርሱ በሌሉበት ብቻ መጠየቅ የአያታቸውን ክብር አይመልስም። አባት በልጆቹ ፊት «አጥፍቻለሁ» ቢል አይዋረድም። ሐዋርያው ጴጥሮስም ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ያዘዘው ጸሎታቸው እንዳይከለከል ነው (1ጴጥ. 3፥7)።

ለእናትሽ ወይም ለእኅቶችሽ አትንገሪ። እናንተ ከታረቃችሁ በኋላ እነርሱ ሳይታረቁት ይቆያሉ፤ በየበዓሉም ፊታቸው ይከብደዋል። ብቻችሁን ካልሆነላችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ አብራችሁ ሂዱ። ተለያይታችሁ ስትሄዱ ሁለታችሁም ካህኑን ዳኛ ታደርጓቸዋላችሁ፤ የምታነሡትን አንድ ነገር ቤት ውስጥ ተስማምታችሁ ውጡ።

ከታረቃችሁም በኋላ ቃሉ ይመለስብሽ ይሆናል። ያን ጊዜ በልብሽ አትከራከሪው፤ «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለውን በዚያው ሰዓት ስለ እርሱ ጸልዪ። መመለሱ ይቅርታሽን አያፈርሰውም።

ስድቡ ዛቻ ወይም ድብደባ ካለበት ግን ብቻ ለብቻ መነጋገሩን ተዪው። ከልጆችሽ ጋር ደኅና ቦታ ሁኚ፤ ለንስሐ አባትሽና ለምታምኛቸው ሰዎች ተናገሪ፤ ለሕግም አመልክቺ። «ታግሠሽ ተመለሺ» የሚልሽ ቢኖር፣ ቤተ ክርስቲያን መመታትን የጋብቻ ግዴታ አላደረገችም።