የጎረቤት ውሻ ጓሳ ሲውል

ጥያቄ፦ «የምኖረው መንዝ ነው፣ ጓሳ ከሚባለው ጥብቅ የሣር ሜዳ ጥግ። ገብስ አርሳለሁ፣ 22 በጎች አሉኝ። ጎረቤቴ ሁለት ውሾች አሏቸው። ማታ ጅብ አያስጠጉም፣ ጎበዞች ናቸው። ቀን ግን የሚያስራቸው የለም። ጎህ ሲቀድ ወደ ጓሳው ይወጣሉ፣ የሚመለሱት ሲመሽ ነው። ጥንቸል ይገድላሉ። የሚዳቋ ግልገል ሲጎትቱም አይቻለሁ። ባለፈው ኅዳር ደግሞ ቀይ ቀበሮዋ ከወለደችበት ድንጋይ ሥር ሲቆፍሩ አግኝቼ አባረርኳቸው። ለጎረቤቴ ብነግራቸው "ውሻ ውሻ ነው፣ ምን ላድርገው?" አሉኝ። አበልጄ ናቸው፣ መጣላት አልፈልግም። አንዳንድ ሰው "መርዝ አድርግላቸውና ተገላገል" ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አይተው ዝም አለማለትዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት የመርዙን ነገር ይተዉት። እባክዎን። በደጋ ወረዳዎች የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ መርዝ የሚያመጣውን ጣጣ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ገበሬ በግ የበላበትን ውሻ ለመግደል ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ ሜዳ ላይ ጣለ። ውሻው ሞተ። የውሻውን ሬሳ የበሉ አሞራዎችም እዚያው ረገፉ። በሦስተኛው ቀን የሰውየው የራሱ ውሻ ሞቶ ተገኘ። ያን ክረምት ጅብ በረቱ ድረስ ሲመጣ የሚጮህለት አልነበረም። በእናንተ አገር ደግሞ የተመረዘ ሥጋ ሜዳ ላይ ከተጣለ ቀይ ቀበሮዋ ራሷ ልትበላው ትችላለች። እረኛ ልጅም በእጁ ሊነካው ይችላል። ጥንቸሏን ላድን ብለው የባሰ ጥፋት ያመጣሉ።

አሁን ወደ ውሾቹ እንምጣ። ለምንድን ነው ጓሳ የሚውሉት? ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ስለሚርባቸው ነው። በደጋው አገር ውሻ ማታ ሥራ ይሰጠዋል፣ ቀን ግን እንጀራውን ራሱ እንዲፈልግ ይተዋል። አይጥ ይቆፍራል፣ ጥንብ ይበላል፣ ያገኘውን ግልገል ይይዛል። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለ? የሚበላው ጓሳ ውስጥ ከሆነ ቀልቡም እዚያው ነው። አንድ ጊዜ አሳድዶ መያዝን ከቀመሰ ደግሞ እንደ ልማድ ይሆንበታል። ሁለት ሲሆኑ ይደፋፈራሉ። ስለዚህ መፍትሔው የሚጀምረው ከጎረቤትዎ ደጃፍ፣ ከውሾቹ መመገቢያ ነው።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው ካሉኝ፣ እኔ ብሆን ስለ ቀይ ቀበሮዋ አልጀምርም። ስለ በጎቻቸው እጀምራለሁ።

ዙሪትን ያውቁታል። በጉ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ አንድ ቦታ ላይ ይዞራል። ከመንጋው ይነጠላል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ብዙ ገበሬ ነፋስ መታው ይላል፣ ወይም ዓይን ነው ይላል። ምንጩ ግን ውሻ ነው። በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር የኮሶ ዓይነት ትል አለ። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል። በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ከበጉ አንጀት ተነሥቶ በደም በኩል ጭንቅላት ይደርሳል። እዚያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ያድጋል፣ አንጎሉንም ይጫነዋል። በጉ መዞር የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ እንቁላሉን ከበላ ከወራት በኋላ ስለሆነ ማንም ከውሻ ጋር አያገናኘውም።

ከዚያስ ምን እናደርጋለን? በጉ ሳይሞት ብለን እናርደዋለን። ራሱን ደግሞ ለውሻ እንወረውራለን። ውሻው አንጎሉን ይበላል፣ ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ትሎች ሆዱ ውስጥ ያድጋሉ፣ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ያ ውሻ ጓሳ ሲውል፣ በግጦሽ መሬታችሁ ሲዞር፣ በየደረሰበት ዙሪት ይዘራል። የእርስዎ 22 በጎችም የአበልጅዎ በጎችም የሚግጡት እዚያው ነው። ስለዚህ እርስዎም ከሳሽ አይደሉም፣ እሳቸውም ተከሳሽ አይደሉም። ሁለታችሁም ባለ በግ ናችሁ፣ ጉዳቱም የሁለታችሁ ነው። ጨዋታውን እንዲህ ቢከፍቱት አበልጅዎ ጆሯቸውን የሚሰጡዎት ይመስለኛል። «ዘንድሮ ዙሪት ስንት በግ ወሰደብዎት?» ብለው ይጀምሩ።

ማድረግ ያለባችሁ ከባድ አይደለም። ዙሪት ያለበት በግ ሲታረድ ጭንቅላቱን አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባም እንደዚሁ ነው። እሱ ደግሞ ሌላ የውሻ ትል ነው፣ ሰውም ይይዛል። ውሻ እየዳበሰ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ላይ ከረጢት ሊያበቅል ይችላል። ውሾቹ ራሳቸው የኮሶ መድኃኒት ይሰጣቸው። ፕራዚኳንቴል ይባላል። ባለ 50 ሚሊግራሙ አንድ ክኒን ለ10 ኪሎ ውሻ ይበቃል። ክብደቱን ካላወቃችሁት የእንስሳት ክሊኒክ ባለሙያውን ጠይቁ። ጥሬ ሥጋና ጥንብ የማያጣ ውሻ በየ6 ሳምንቱ ቢወስድ ነው የሚሻለው። ያ ካልተቻለ በየሦስት ወሩም ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር አይርሱ፤ መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ ለሁለት ቀን ታስረው ይዋሉ፣ ዓይነ ምድራቸውም ይቃጠል ወይም ይቀበር።

ማሰርን በተመለከተ፣ ውሻን ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ችካል ላይ ማሰር ጥሩ አይደለም። ያስቆጣዋል፣ ይነክሳል። ከዚያ ይልቅ ሁለት ችካል ራቅ ራቅ አድርጎ መትከል፣ በመካከላቸው ሽቦ መወጠር፣ የውሻውን ገመድ በቀለበት ሽቦው ላይ ማስገባት ነው። ውሻው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ጥላና ውሃ ያገኛል። ማታ ይፈታል፣ ጅቡንም ይጠብቃል። የገብስ ቂጣ ትራፊ፣ አጓት፣ የተቀቀለ ባቄላ ማታ ከመፈታቱ በፊት ቤት ይብላ። ጠግቦ የሚያድር ውሻ ከበረቱ አይርቅም። አበልጅዎ «ለሰው ያልተረፈ ለውሻ ከየት ይመጣል?» ቢሉ እውነታቸውን ነው። እኔም ገበሬ ቤት ነው ያደግሁት። ግን ሁለቱን ውሾች ለማብላት ከባድ ከሆነ ምናልባት አንዱ ይበቃ ይሆናል። በደንብ የተመገበ አንድ ውሻ ከሁለት የተራቡ ይሻላል። ሴት ውሻ ካለች ደግሞ ወንድ በምትፈልግበት ሦስት ሳምንት ገደማ ቤት ትዘጋ። ሳይፈለግ የሚወለደው ቡችላ ነው በኋላ ባለቤት አልባ ሆኖ ጓሳ የሚከርመው።

አሁን ስለ ቀይ ቀበሮዋ ልናገር። ይህ ጉዳይ ለእኔ በጣም ከባድ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለችም። የቀሩት ጎልማሶች ከ500 ያነሱ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። በጎጃም ጮቄ ተራራ ነበረች፣ ጠፍታለች። ከእናንተ ብዙም በማይርቀው በጎሽ ሜዳም ነበረች፣ እዚያም ጠፍታለች። በጓሳ እስካሁን ያለችው የመንዝ ሰው ስለጠበቃት ነው።

አልፎ አልፎ ግልገል ትወስዳለች ይባላል፣ አልክድም። ግን ዋና ምግቧ አይጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን እየዞረች አይጥ ትለቅማለች። ያ አይጥ የማን ገብስ እንደሚበላ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ውሾቹም ያንኑ አይጥ ይሻሟታል። ያሳድዷታል፣ ልጆቿን ይቆፍራሉ። በባሌ ደግሞ ከውሻ ጋር ተዳቅላ የተገኘችበት ጊዜ አለ። ዘሩ ራሱ ይበረዛል ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በሽታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገባ። ያመጣው ውሻ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ በሸለቆው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ አለቁ። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ነው የምትኖረው። ጠዋትና ማታ ተገናኝተው ይላላሳሉ፣ ይጫወታሉ። አንዷ ከተነከሰች ሌሎቹ አይተርፉም። ዲስተምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታም በባሌ ደጋግሞ ጨርሷቸዋል። ባሌ ብዙ ስለነበሩ ቀስ በቀስ ተተኩ። ጓሳ ያሉት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ቢገባ የሚተካ አይኖርም።

የእብድ ውሻ በሽታ ሰውንም ይገድላል፣ ላምንም አህያንም ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም። ስለዚህ ውሻ 3 ወር ሲሞላው መከተብ አለበት፣ ከዚያም በየዓመቱ። ግን የአበልጅዎ ሁለት ውሾች ብቻ ቢከተቡ አይበቃም። ከመንደሩ 100 ውሾች 70ዎቹ ከተከተቡ በሽታው መዛመት ያቅተዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሁለታችሁ አጥር አውጡት። በእድር ወይም በሰንበቴ ቀን ይነሣ። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአንድ ቀን የሁሉንም ውሻ እንዲከትብ ተሰብስባችሁ ጠይቁ። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራሙም ባለፉት ዓመታት በደጋው አገር በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን አስከትቧል። በወረዳው በኩል ጥያቄያችሁ እንዲደርሳቸው አድርጉ።

አባቶቻችሁ በቄሮ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፍቱት ነበር። ማን ያጭዳል፣ መቼ ያጭዳል የሚለውን ራሳቸው ወስነው ራሳቸው ይጠብቁ ነበር። የጓሳ ባለርስት አባቶች የነበሩት የአስቦና የጌራ ልጆች ለሣሩ ይህን ካደረጉ ለውሻ ማድረግ አያቅታቸውም። ለምሳሌ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ቀይ ቀበሮ በምትወልድበትና ልጆቿን በምታሳድግበት ጊዜ፣ ያልታሰረ ውሻ ጓሳ እንዳይገባ ብትስማሙስ? እረኛ ውሻ አስከትሎ እንዳይወጣ ብትስማሙስ? ከውጭ ከሚመጣ መመሪያ ይልቅ ራሳችሁ የቆረጣችሁት ይከበራል። ይህን ከልቤ አምናለሁ።

ሕግም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦት ቢሆን እንኳ። ግልገልዎን ቢበሉብዎ ካሣ መጠየቅ ይችላሉ። ከአበልጅ ጋር ግን በዚህ አይጀመርም። መጀመሪያ ሁለታችሁ፣ ካልሆነ ሽማግሌ፣ እሱም ካልሆነ ቀበሌ።

ጥቂት ነገር ልጨምር። ጓሳ ውስጥ የሚንገዳገድ ወይም ሰው የማይፈራ ቀይ ቀበሮ ወይም ውሻ ካዩ አይጠጉት። የሞተም ካገኙ በእጅዎ አይንኩት። ውሾች እንዳይደርሱበት አድርገው ወዲያውኑ ለጓሳ ጠባቂዎች ይንገሩ። ናሙና የሚወሰደው ሬሳው ሳይበሰብስ ነው። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ጠበል መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ ክትባቱ ግን ይቅደም። ነካሹ ውሻ አይገደል፣ ታስሮ 10 ቀን ይታይ።

የክትባቱ ቀን ሲቆረጥ ደግሞ እነዚያን ሁለት ውሾች በገመድ ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። አብዛኛው ውሻ ሳይከተብ የሚቀረው በዚህ ነው፤ ባለቤቱ ገበያ ወይም እርሻ ላይ ይሆናል፣ ልጆች ደግሞ ውሻውን ይፈሩታል። አበልጅዎ ካልተመቻቸው እርስዎ ይያዙላቸው። ከዛሬ ጀምረው አልፎ አልፎ ቂጣ እየቆረሱ ያለማምዷቸው።