ቡሬ ማለት የትኛው ቡሬ?

ልጆች፣ በተለይ ሕክምና ተምራችሁ መከላከያ የገባችሁ ወይም ለመግባት የምታስቡ፣ ይቺን የምጽፍላችሁ ቡሬ ክሊኒኬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ጎጃም ያለችው ቡሬ። ይሄን ለምን ለይቼ እንደነገርኳችሁ አሁን ትደርሱበታላችሁ።

መከላከያ የገባሁት በ1988 ነው። በ2010 ጡረታ ወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ማለት ነው። በመሸኛዬ ቀን ምሳ ተበላ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተቃቀፍን። ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ወረቀቱን ሳነበው አገልግሎቴ ሃያ ዓመት ከአስር ወር ይላል። አስራ አራት ወር የለም። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። የለም።

በማግስቱ መዝገብ ቤት ሄጄ ማኅደሬን አስወጣሁ። ነገሩ ወዲያው ገባኝና ሳቅም እልህም አንድ ላይ ያዘኝ። በ1991 የተጻፈልኝ የምደባ ደብዳቤ «ወደ ቡሬ» ይላል። ቡሬ ግንባር ለማለት ነው። ከኤርትራ ጋር በግንቦት 1990 የተጀመረው ጦርነት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ባድመንና ዛላምበሳን ነው፤ በአፋር በኩል፣ በአሰብ መንገድ ላይ ያለው ቡሬ ግንባር ግን ብዙም አይነሳም። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ይሄን ማብራራት አላስፈለገውም፣ ያኔ ሁሉም ያውቀዋል። ከዓመታት በኋላ አገልግሎቴን የደመረው ሌላ ልጅ ነው። የትውልድ ቦታ የሚለውን ያያል፣ ቡሬ። ምደባ የሚለውን ያያል፣ ቡሬ። በእርሳስ ጠርዙ ላይ «በትውልድ ቦታው፤ የሥራ ምድብ አልተገኘም» ብሎ አልፎታል።

እኔ ጓንት ሳወልቅ ላቤ ከውስጡ እንደ ውሃ በሚፈስበት በረሃ ቁስለኛ ስሰፋ፣ በወረቀቱ ግን እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ጠላ እየጠጣሁ ነበር።

አስራ አራት ወር ምን አላት የምትሉ ትኖራላችሁ። ስሌቱን ልንገራችሁ። እኔ ስወጣ ይሠራበት በነበረው በአዋጅ 714/2003 መሠረት፣ አስር ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 ከመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለወታደሩ 1.65 ከመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 ነው። ስለዚህ የእኔ አስራ አራት ወር ወደ ሁለት ከመቶ ትጠጋለች። በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ። እኔ ሳልፍ ለባለቤቴ የሚሰላውም ከዚያችው ላይ ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከብሩ ይልቅ ያቃጠለኝ ጠላው ነው።

ጸሐፊውን ስረግመው ከረምኩ። በኋላ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእኔም ነው። የበሽተኛ ካርድ ላይ ቀንና ሰዓት ሳይጽፍ የሄደ ኢንተርን፣ ተለማማጅ ሐኪም ማለት ነው፣ ስንቴ አስለቅሻለሁ! የራሴን ማኅደር ግን በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ከፍቼ አይቼው አላውቅም። በሥራ ላይ እያለሁ፣ አዛዡም የሰው ሀብት ኃላፊውም እዚያው እያሉ ቢሆን የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነበር። ከወጣሁ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ዓባይን ስንቴ ወርጄ እንደወጣሁ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። የጦር ክፍላችን ሌላ ስም ይዟል፣ አዛዤ አርፈዋል፣ ፋርማሲስታችን ውጭ አገር ገብቷል።

የመጀመሪያ ማመልከቻዬ ሦስት ገጽ ነበር። ጦርነቱን፣ ሙቀቱን፣ የሠራሁትን ኦፕራሲዮን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ትንሽም ተቆጥቼ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አንብባ ስትጨርስ ቀና አለችና «ዶክተር፣ ምን እንዲደረግልዎ ነው የጠየቁት?» አለችኝ። አፈርኩ። እውነቷን ነው፣ ሦስት ገጽ ውስጥ ጥያቄ የለም። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ሆነ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለው ጊዜ ቡሬ ግንባር፣ አፋር፣ ተብሎ ይስተካከልልኝ፤ ማስረጃዬ ይኸው፤ አያይዣለሁ። አለቀ። ታሪካችሁን ለእኛ ለሽማግሌዎቹ አውሩን፣ ለቢሮ ጥያቄያችሁን ብቻ ስጡት። ስታስገቡም ገቢ ቁጥርና ቀን ግልባጩ ላይ ሳታስመቱ ከመስኮቱ እንዳትነሱ፤ «እናደርሰዋለን» የሚባል ቁጥር የለውም።

ማስረጃ ስል ግን ከየት ይምጣ? የምደባው ደብዳቤ ራሱ ነው ያጣላን። የዚያን ጊዜ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ቢገኝ ኖሮ ጨዋታው ያኔውኑ ያልቅ ነበር፣ የጡረታ መዋጮ ከተቆረጠብህ አልነበርክም የሚልህ የለም። አልተገኘም። ተስፋ ቆርጬ ሳለ አንድ የገበያ ቀን ክሊኒኬ አንድ ሰው መጣ። ከዳንግላ ወዲያ ያለ ገበሬ ነው፣ በአንድ እግሩ ያነክሳል። ምርመራውን ስጨርስ «ዶክተር፣ አላወቁኝም?» አለ። እውነቴን ነው፣ አላወቅሁትም። ይቺን እግር የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ ቡሬ ግንባር።

ለመሆኑ ወረቀት ይኖርሃል ወይ አልኩት። በሳምንቱ ይዞ መጣ። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከጋብቻ ወረቀቱና ከመሬት ደብተሩ ጋር ሣጥን ውስጥ የኖረ የሪፈር ወረቀት፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ። ቀን አለው፣ የመስክ ሆስፒታሉ ማኅተም አለው፣ «ቡሬ ግንባር» ይላል፣ ከሥር የእኔ ፊርማና ስሜ ያለበት ቲተር። በዚያች ወረቀት እሱ ቦርድ ወጥቶ፣ በጉዳት ተሰናብቶባታል። እኔ ደግሞ በእሱ ሣጥን ከጠላ ቤት ወጣሁ። የእኔን አገልግሎት ከእኔ ይልቅ በሽተኛዬ ጠብቆልኝ ነበር እኮ!

ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእህቴ ልጅ አሜሪካ ጦር ውስጥ ሐኪም ነው። እነሱ ሲሰናበቱ ዲዲ 214 የሚባል ቅጽ ይሰጣቸዋል፤ ስህተት ከተገኘበት ዋናውን አይነኩትም፣ ዲዲ 215 በሚባል ሌላ ወረቀት ነው የሚያርሙት። ከበድ ያለው ጉዳይ ወደ መዝገብ አራሚ ቦርድ ይሄዳል፣ ስህተቱን ካወቅክበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለብህ። እዚያም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1973 ሴንት ሉዊስ ያለው መዝገብ ቤታቸው ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን የወታደር ማኅደር አመድ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ኮፒ ያስቀመጠ ሰው ምን ያህል እንደተገላገለ አስቡት።

ስም ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ጣሉ። የጎጃም ልጅ ይሄን አይንቅም። አንድ ጓደኛዬ አባቱ የቅኔ መምህር ናቸው፣ ሲመዘገብ «የአባት ስም?» ሲሉት በአክብሮት «መሪጌታ» ብሎ ጀመረላቸው። «መሪጌታ» የአባቱ ስም ሆኖ ቀረ፣ ትክክለኛው የአባቱ ስም ወደ አያት ወረደ። ዲግሪው ላይ ሌላ፣ ማኅደሩ ላይ ሌላ፣ ሲቪል ሆኖ የሙያ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ ሁለት ሰው ሆኖ ተገኘ። ዕድሜ ግን ለማስተካከል ባትደክሙ ይሻላል፤ ለጡረታ የሚሠራው መጀመሪያ ስትቀጠሩ የተመዘገበው ነው።

ሌላው ጓደኛዬ ያደረገውን ደግሞ አታድርጉት። ደብዳቤው ላይ የተሳሳተ ቀን አየና በራሱ እስክሪብቶ አስተካከለው። ቀኑ እውነት ነበር። ነገር ግን ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ሆነና ጤነኞቹ ወረቀቶቹም አብረው ተጠረጠሩ። ካርድ ላይ ስትሳሳቱ ምን እንደምታደርጉ ታውቃላችሁ አይደል? የበፊቱ እንዲነበብ በአንድ መስመር ትሰርዛላችሁ፣ ትክክለኛውን ጽፋችሁ ፊርማና ቀን ታኖራላችሁ። ያንንም ማድረግ የሚችለው ጻፊው ነው። ማኅደራችሁም እንዲያው ነው፣ ያረመው አካል ማኅተሙን ይምታበት።

የእኔ በ2012 ተስተካከለ። «ቡሬ ግንባር፣ አፋር» ይላል አሁን። ኮፒውን እዚህ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ሰው የሙያ ፈቃድ ይመስለዋል።

ሳይስተካከል የቀረ አንድ ነገር አለ። እዚያው ግንባር አንድ ቀን መድፍ ቅርባችን ወድቆ የግራ ጆሮዬ ፊሽካ ሲነፋ ከረመ፣ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይሰማም። የስንቱን ወታደር ቦርድ ወረቀት ስሞላ ለራሴ ካርድ አላወጣሁም። ሐኪም ነኛ፣ ያልፋል ብዬ። ካርድ ከሌለ ጉዳት የለም፣ ምንም ላርም አልችልም። ስለዚህ ቡሬ መጥታችሁ ክሊኒኬ ከገባችሁ ወንበሩን በቀኜ በኩል ሳቡት።